የአርባ ሰው ጄኔሬተር

ዕድሜዬን በሙሉ ለመብራት ገንዘብ ሳበድር ኖርኩ ስላችሁ ስለ መብራት የማውቅ እንዳይመስላችሁ። ፊውዝ ሲቃጠል ዛሬም ጎረቤት ነው የምጠራው።

ያን ጊዜ ካርቱም ውስጥ መብራት እንደ ኩሩ እንግዳ ነበር፤ ይመጣል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ያደግሁት እዚያው ሳጃና ሰፈር ነው። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። እናቴ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ጀብራ ሰፈር ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። አጥባ አስተማረችኝና ባንክ ገባሁ፣ ለሦስት ወር ሙከራ። ካለፍኩ ከሳፋው ትነሳለች። ካላለፍኩ ሁለታችንም እናጥባለን።

«አደራ ልጄ፣ ያሉህን ብቻ አድርግ» አለችኝ። «የተማረ የሚባረረው ከራሱ ሲጨምር ነው።»

ያሉኝን ብቻ አደረግሁ። ጉዱ የመጣው ከዚሁ ነው።

በእኛ ባንክ ወለድ ሐራም ነው። ጄኔሬተር ለፈለገ ሰው ባንኩ ራሱ ይገዛና በትርፍ ይሸጥለታል። ሙራበሃ ይሉታል። ታዲያ ያልያዙት ዕቃ አይሸጥምና አንድ ሰው ሱቅ ሄዶ በባንኩ ስም መረከብ አለበት። ሙዲሩ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ወረቀት ሰጠኝና «ያላ ያ ዞል፣ በል አንተ ሰው፣ ሂድ ተረከብ» አለኝ።

ነጋዴው፣ አንድ ወፍራም ሐጂ፣ በሻይ ተቀበለኝ። እሱም ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። ዕቃውስ አልኩት። የምን ዕቃ አለኝ። ተረከብ ተብያለሁ አልኩ። እየሳቀ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ጄኔሬተር አሳየኝ፤ ነካ አድርገውና ሂድ አለኝ። ነካሁት። ከዚያ ካሮ ጠራሁ፣ የአህያ ጋሪ።

ሳቁ ቆመ። ጀለቢያውን ሰብስቦ ከካሮው ኋላ ይሮጥ ጀመር፤ «ወለዲ! ልጄ! እሱን ከወሰድከው ነገ ለባንክህ ምን እሸጣለሁ?»

ባንኩ በር ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ሒሳብ ሠራተኛ የጄኔሬተሩን ቁጥር አነበበና ወደ ውስጥ ሮጠ። አርባ ፋይል ታቅፎ ተመለሰ። አርባ ደንበኛ፣ አንድ ቁጥር። ለካ ደንበኞቹ የሚወስዱት ጥሬ ገንዘብ ኖሯል፤ ጄኔሬተሩ ከጥጉ ተነስቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የእኛዋ አርባ ጊዜ ታልባለች።

«ማን አምጣው አለህ?» አለኝ ሙዲሩ።

«ተረከብ አሉኝ።»

«ወረቀቱን ነዋ፣ አንተ ከብት!»

ሳፋው ታየኝ።

በዚህ መሃል የባንኩን ውሎች በሸሪዓ የሚመረምሩት ሼክ ከታክሲ ወረዱ። ሽማግሌው ፋይሎቹን ከጀርባው ደበቀ። ሼኩ ጄኔሬተሩን ዳበሱት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማሻአላህ፣ በዚህ ባንክ በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነው፣ ማን አመጣው አሉ። ሙዲሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ትከሻዬን አቀፈኝ። «እኔ ነኝ የላክሁት» አለ።

በሳምንቱ ቋሚ ሆንኩ። የኃይል ብድር ክፍልም ተሰጠኝ፤ ከባንኩ ሰው ጄኔሬተር ያየሁት እኔ ብቻ ነኛ! እናቴ ሳፋውን ለጎረቤት ሰጠች። ሙዲሩም ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ሁለተኛ እንዳታይ» አለኝ።

በኋላ ሱዳን ውስጥ ነዳጅ ወጣ፣ ፋይሉ ወፈረ፤ ከጄኔሬተር ወደ ተርባይን አደግሁ። ብዙ ዓመት አበደርኩ። አንድም ተርባይን አላየሁም።

ያሉኝን ብቻ አደረግሁ።