ኮቴን የወሰደችው ድንቢጥ

በሐይቅ ከተማ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ አዋቂ ጠፍቶ አያውቅም! ካላመናችሁኝ አንዲት የወፍ እንቁላል አግኙና ጮክ ብላችሁ «ምን ላድርጋት?» በሉ። ከዚያ በኋላ ጆሯችሁን አያድርገኝ።

እኔ ያገኘኋት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ኮት ስላችሁ እንግዲህ ያለኝ አንድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም የሚያውቀው እሱኑ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ አጥባ በረንዳው ላይ ሰቅላው፣ እዚያው ተረስቶ ከረመ። ያስታወስነው የእህቴ ልጅ ከማል ሊያገባ ፈልጎ፣ «አጎቴ፣ ሽማግሌ ሆነው ሐጂ ዑመርን ልጃቸውን ይለምኑልኝ» ባለኝ ቀን ነው።

ለመሄድ ተነሥቼ እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት... ጭድ! ላባ! ከላባው መሀል ደግሞ ሞቅ ያለች ትንሽዬ እንቁላል። ድንቢጧ ከጣሪያው ሥር ሆና ሰፈሩን በጩኸት አቀለጠችው። በገዛ ኮቴ ሌባ ተባልሁ እኮ!

«ዶሮዋ ሥር አድርጋት» አለች ዘይነባ።

«የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች፣ እንዳትነካት!» አለ ጎረቤቴ ተስፋዬ ከአጥሩ ማዶ።

«ነካኋት እኮ!»

«እንግዲያ እጅህን ታጠብ።»

ምክር ማለት ይቺ ናት! ከማል ግን ትዕግሥቱ አልቋል። «አጎቴ፣ በአላህ ያራግፏትና ይሂዱልኝ! በአንዲት እንቁላል ሚስት ልጣ?»

ቀና ብዬ ወፏን አየኋት። አፏ ላይ ጭድ ይዛ፣ እስክሄድላት ትጠብቃለች። አንጀቴን በላችው። ኮቱን እንደነበረ ተውሁት።

ግን ደግሞ ልጅ ሊጠይቅ በሸሚዝ የሄደ ሽማግሌ ማን ያምነዋል? ይሄኔ ተስፋዬ «አብሽር!» ብሎ የራሱን ባለመስመር ቡናማ ኮት በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። ተስፋዬ ግዙፍ ሰው ነው። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው።

ሐጂ ዑመር የሚኖሩት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደረስንና እንደ ወጉ ቆመን ልጃቸውን ለልጃችን ጠየቅን። ሐጂ እኔን ትተው ኮቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ኮት አውቀዋለሁ» አሉ።

«ኧረ ሐጂ...»

«አምና ለሌላ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ መልሼዋለሁ! ዘንድሮ ሰው ቀይሮ መጣ?»

እናንተዬ! ተስፋዬ እኮ ይህን አልነገረኝም! አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። የከማል ትዳር በሰው ኮት ሊፈርስ ሆነ። ጨነቀኝና እውነቱን አፈረጥሁት።

«ሐጂ፣ የኔን ኮት ድንቢጥ እንቁላል ጥላበት ነው።»

ጓዳ ውስጥ የሆነች ልጅ ሳቋን ልታፍን ብትሞክርም አመለጣት። ሐጂ ግን ኮስተር እንዳሉ ናቸው።

«አራግፈህ አትመጣም ነበር?»

«ቤት ላቆም እየመጣሁ ቤት ላፍርስ እንዴ ሐጂ?»

መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በል እንግዲያ ቀጠሮህን ወፊቱ ትስጥህ» አሉ። «ጫጩቶቿ በረው ሲወጡ በራስህ ኮት ተመለስ። የዚያን ጊዜ እምቢ አልልህም፣ ኢንሻ አላህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንግዲህ የዱር ወፍ እንቁላል ስታገኙ ካለችበት አትንኳት፣ ዞር በሉላት፣ እናቷ ታውቅበታለች። ኮት ካስፈለጋችሁ ተዋሱ። ግን መጀመሪያ ኮቱ የት የት ደርሶ እንደተመለሰ ጠይቁ!

ከማልማ ይኸው በረንዳዬ ላይ ከተመ። «ያራግፏት» ያለው ሰውዬ ዱላ ይዞ ድመት ሲያባርር ይውላል። ድንቢጧ ሌሎች እንቁላሎችም ጨምራ ስትፈለፍል ደግሞ፣ እኛን ድምፃችሁን ቀንሱ ይለን ጀመር፤ በገዛ ቤታችን!

ትናንት ማለዳ የመጀመሪያዋ ጫጩት ከኪሴ ጫፍ ተነሥታ እየተንገዳገደች እስከ ተስፋዬ አጥር በረረች። ወዲያው እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። ዘይነባ መሰለቻችሁ? ከማል ነው!