ጋሼ ስፓይራል እና ሠላሳ አንደኛው ገጽ

ጋሼ ስፓይራል ከማሽኑ የወጣውን ትኩስ ወረቀት በሁለት እጃቸው ሰብስበው ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል፤ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በጎኑ፣ አንዴ ደግሞ እንዲያው ለክብሩ። ከዚያ በመዳፋቸው መዘን ያደርጉትና የትምህርት ክፍሉን ይናገራሉ። ከበድ ካለ "ሶሲዮሎጂ" ይላሉ። አሥራ ሁለት ገጽ ከሆነ "ሒሳብ" ይላሉ። ይህን ለእያንዳንዱ ተማሪ፣ በየቀኑ ያደርጉታል፤ የትምህርት ክፍሉ ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ እያለ።

በዓለም ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ እውቀቱን የሚያስቀምጠው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። ከበሩ ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የጠረዘውን ሁሉ የተማረው የሚመስለውን ሰው። በእኛው ጋሼ እጅ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አፈር፣ ውርስ፣ ድልድይ፣ አዋላጅነት፣ የንብ በሽታ፣ የባንክ ብድርና የሥነ ልቦና ጭንቀት አልፏል። ቅጽል ስማቸውንም ያገኙት ከሚጠርዙበት ጥምዝምዝ ፕላስቲክ ነው።

ማሽናቸው አሮጌ ነው። አንዱን ገጽ ተፍቶ ሌላውን እስኪተፋ ድረስ ሰው በደንብ ማንበብ ይችላል፤ ጋሼ ስፓይራልም ያነባሉ። ችግሩ ተማሪ የመጨረሻውን ምዕራፍ የሚያመጣው በመጨረሻዋ ደቂቃ እያለከለከ መሆኑ ነው። ያኔ ጊዜ የለም። ስለዚህ የየሙያውን ሁሉ ችግር ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የአንዱንም መፍትሔ አያውቁም። ወረቀቱን ሲበሱ ዓይናቸው የሚያርፍባት የመጨረሻዋን መስመር ብቻ በቃላቸው ይዘዋታል፦ "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።"

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ግድግዳው ተሰንጥቆበት ሊያማክራቸው መጣ። ስንጥቁ አግድም ነው ወይስ ሰያፍ ብለው ጠየቁት፤ ስለ መሠረት መስመጥ፣ ስለ ሸክላማ አፈር፣ ስለ ሲሚንቶ ድብልቅ ግማሽ ሰዓት አስረዱት። ግማሽ ጺሙ የተላጨ ደንበኛ ፎጣ እንዳንጠለጠለ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

"እና ምን ላድርግ ጋሼ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" አሉ፣ በሐዘኔታ።

አንድ የሕግ ተማሪ እያሳለ ቢመጣ ምላሱን አስወጥተው አዩና፣ የእንስሳት ሕክምናው ጥራዝ ገና ከእጃቸው አልወረደም ነበርና፣ ስታመሰኳ ያምሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁ የሕግ ሰው ስለሆነ ከመመለሱ በፊት አሰበበት።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ይሠራሉ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር የሆነውን ክር እየበጠሱ ነገሩኝ።

"ምክንያቱ ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊ እና የአመለካከት ነው አለኝ። የማን አመለካከት ስለው፣ የቧንቧው አለኝ። ባልዲ ደቀንኩበት።"

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ ሱቁ ተዘግቶ አያውቅም። ሱቅ ተዘግቶ ያገኘ ተማሪ ትምህርቱን ያቆማል የሚል የራሳቸው ግኝት አላቸው፤ በዚህኛው ላይ ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም። በልጃቸው ሠርግ ቀን በሙሉ ልብስና በክራቫት እስከ ስድስት ሰዓት ሲጠርዙ ነው የዋሉት። ጥርሳቸውን የተነቀሉ ዕለት መንጋጋቸውን በፎጣ አስረው ምክራቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል።

እኔ የተማርኩት ግጥም ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ጋሼ ስፓይራል ዘንድ እንኳ የምሄደው የምፈልገውን እንደ መድኃኒት ማዘዣ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ስንኝ ዕረፍት ነው፤ ስንኙን የሚያነበው ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ ስለሚወስድባት ትንሽ ክፍተት። ያን ቀን ወረቀቴን መዘኑና "ነርሲንግ" አሉ። ከዚያ ርእሱን አነበቡ።

"ስለ ዝም ማለት ሰባ ሁለት ገጽ?" አሉ። "ለዚህ ነዋ የማትናገሪው! ለካስ የመስክ ሥራ ላይ ነሽ።"

ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። አማካሪዬ ያሉኝን ነገርኳቸው፦ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ በፈታኞቹ ፊት ካልተናገርሽ ግን የጻፍሽው አንቺ መሆንሽን ማን ያምናል፣ ዓመቱን ትደግሚያለሽ። ፈተናው ነገ በስምንት ሰዓት ነበር። ጋሼ ስፓይራል ተማሪውን ሁሉ አሰልፈው ትተው የእኔን ሦስት ጥራዝ ሠሩልኝ። አይዞሽ እያሉ ሲያጽናኑኝ፣ የአንድ የዶሮ እርባታ ተማሪ ጽሑፍ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከእኔው ጎን ተቀምጦ ነበር።

በማግሥቱ ከሦስት ፈታኞች ፊት ቆሜ መግቢያዬን አነበብኩ። ከአንገትጌዬ በቀር ማንም አልሰማውም። መሐል ላይ የተቀመጡት አዛውንት ፈታኝ ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ገጽ ላይ ቆሙ።

"ገጽ ሠላሳ አንድ" አሉ፤ አነበቡም። "ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ካጡ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ መሐል ያሉትም ይታፈናሉ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይህ ከስንኝ ዕረፍት ጋር ምን አገናኘው?"

አማካሪዬ ግንባራቸውን ያዙ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ። ያኔ፣ መልስ አጥቶ የማያውቀው አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

"ሦስት ምክንያቶች አሉት" አልኩ። አንድም አልነበረኝም። "የመጀመሪያው ማኅበራዊ ነው። ቃላትም ሲበርዳቸው ይጠጋጋሉ፤ መሐል ያለው ቃል ይታፈናል። ገጣሚው መሐል ላይ ክፍተት የሚተወው እንዲተነፍስ ነው። ሁለተኛው ኢኮኖሚያዊ ነው፤ ክፍተት ወጪ የለውም። ሦስተኛው..." አልኩ፤ ከዚህ ወዲያ መመለሻ የለም፤ "የአመለካከት ነው። የጫጩቷ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አንዴ አፌ ከተከፈተ በኋላ መዝጋቱ አልሆነልኝም፤ ገጹ የአንድ የዶሮ እርባታ ተማሪ ጽሑፍ መሆኑን፣ በጥረዛ መምታታቱን ተናገርኩና የራሴን ሠላሳ አንደኛ ገጽ በቃሌ፣ ጮክ ብዬ፣ ዕረፍቷን በየቦታዋ እየጠበቅሁ አወረድኩት። በዚያ መሐል በበሩ ትንሽ መስታወት ላይ ከውጭ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ ጥጉ ላይ አውራ ጣት ነበረ። ቀስ እያለ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ያላወቅኩት ጥያቄ ሲመጣ "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" አልኩ። ሦስቱም ማስታወሻ ያዙ። አማካሪዬ በሩ ላይ እጄን ጨብጠው፣ አሁን ማን እንደጻፈው ታወቀ አሉኝ።

ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አገኘሁ። የግራ ነው። የማን እንደሆነ አወቅሁት፤ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከማፈሬ የተነሣ፣ ከፊታቸው ይልቅ የማየው እሱን ነበርና።

ጋሼ ስፓይራል ከጠረጴዛቸው ኋላ ወረቀት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ግራ እግራቸው ባዶውን ጋዜጣ ላይ አርፏል። ከፊታቸው የእኔ ሠላሳ አንደኛ ገጽ አለ፤ በላብ ተጨማዷል። ጫማውን በጠረጴዛው ሥር አቀበልኳቸው። ተቀብለው አጠለቁት።

ማለፌን ነግሬ፣ ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው አልኳቸው፤ በአፌ፣ ያለ ቁራጭ ወረቀት። ግድግዳውንም ቧንቧውንም ጻፊ አሉኝ። የሕግ ተማሪውንም ፈቀዱ። ገጹን ያምታታው ማሽኑ ነው ካልሽ እሱንም ጻፊ አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ የሚል ድምፅ እንዳላቸው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

"አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ። ሱቁን መዝጋቴን።"

እሺ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ስወጣ፣ መንቀሉን የረሱት ወረቀት በሩ ላይ ነበር፤ በእጃቸው ጽፈው፣ እንዲጎላ ደግሞ በማሽኑ አሳድገው፣ በአራቱም ጥግ በፕላስተር የለጠፉት፦

"ለተጨማሪ ጥናት ወጥቻለሁ።"