ባሌን ሽማግሌ ፊት ያቆመው የፋርማሲ ሂሳብ

ይሄን ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ግን ሰማንያን አልፌያለሁ፣ ማፈሩም ሰልችቶኛል!

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ሞባይሏን ይዛ መጣች። ባሏ ሳይነግራት ፋርማሲ መክፈሉን ባንኩ በመልእክት አሳብቆበታል። "እማማ፣ ምን ደብቆኝ ነው?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ደከመኝና ቁጭ አልኩ።

ምክንያቱም እኔም በሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ ጎፋ፣ ዙሪያችን የጤፍ ማሳ ሳለ፣ እንደሷው ነበርኩ።

ባሌ ይልማ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበር። ቼክ መፈረም እንደሱ የሚወድ ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ኮቱን ልቦርሽ ስል ከኪሱ የባንክ ስቴትመንት ወጣ።

በየሁለት ወሩ አንድ ክፍያ። ፒያሳ ያለ ፋርማሲ።

ፒያሳ ድረስ ምን ወሰደው? ያኔ ከሰፈሩ ርቆ መድኃኒት የሚገዛ ባለትዳር የሚጠረጠረው በአንድ በሽታ ነው። ከሌላ ሴት በሚያመጣው።

እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ እየወቀጥኩ እጄ የተላጠ ሴት ነኝ! ለእሱም፣ ላፍቶ ለሚኖሩት ለአባቴም። አባቴ "ኮሶ የማይጠጣ ወንድ ለልጄ ባል አይሆንም" ብለው ነው የዳሩኝ። ይልማም ኮሶውን ይቀበለኝና "ሰው ፊት አልጠጣም" ብሎ ጓሮ ይወጣል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል።

እናንተ ነቅታችኋል አይደል? እኔ አልነቃሁም።

ልብሴን ሸከፍኩ። የሁለት ዓመት ልጃችንን አዝዬ አባቴ ቤት ልገባ ነው። ደንብ ነውና መጀመሪያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከእሱ ወገን አጎቱ፣ ከእኔ ወገን አባቴ፣ መሃል የነፍስ አባታችን።

ወረቀቱን ዘርግቼ "በሽታ አምጥቶብኛል፣ አፋቱን" አልኩ።

ይልማ አንዴ አባቴን ያያል፣ አንዴ መሬት። በቃ፣ እውነት ነው ብዬ አለቀስኩ። እወደው ነበር።

"ተናገር እንጂ ልጄ" አሉት ቄሱ።

ጉሮሯቸውን የጠረጉት አባቴ ናቸው። "የኮሶ ክኒን ነው" አሉ።

"እርስዎ እንዴት አወቁ፣ አባባ?"

ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። "ግማሹ የኔ ነው። ፒያሳ የሚያውቀን ሰው የለም ብዬ የላክሁትም እኔ ነኝ።"

ቄሱ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?"

"አንቺ እንዲያ ለፍተሽ ስትወቅጪ" አሉ አባቴ፣ "ምን ብለን እንንገርሽ?"

ከሳሽ ሆኜ ገብቼ የባሌን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። የሸከፍኩትን ልብስ የፈታልኝ ራሱ ይልማ ነው።

ዛሬ ይልማ የለም። የልጅ ልጄን "ሽማግሌ ሳትጠሪ ሂጂና ራሱን ጠይቂው" ብዬ ሰደድኳት። ይቺን አንድ ጥያቄ እኔ ያኔ ብጠይቀው ኖሮ ያን ሁሉ እንባ አላፈስም ነበር።

ለመሆኑ ኮሶውን ማን ጠጣው? ጓሯችን ያለው ጌሾ! ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳያማርር። ከመካከላችሁ እንደኔ ለጌሾ ኮሶ ስትወቅጥ የኖረች አለች?