ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው

የተማረ ሰው ካቻቪቴ ሊይዝ አይገባውም! ይህን በድፍረት የምጽፈው ከራሴ ተነሥቼ ነው። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ፤ የማወጋችሁን ሁሉ በትክክል ስለማስታወሴ እርግጠኛ አይደለሁም። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። እዚህ ኖርዌይ ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥራ አንድ ነበር... ወይም ዘጠኝ። ባለቤቴ ጽጌ «ቁልፉን እየው ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ» ትላለች፤ እኔ የማስታውሰው ሁለቴ ብቻ ነው።

የመኪናችን የኋላ በር መስኮት ዐርብ ዕለት እንደ ወረደ ቀረ። ቤት ደርሰን ልዘጋው ብል ወይ ፍንክች! የእሑዱ ጉዳይ ደግሞ የሚቀር አልነበረም፤ የጎረቤታችንን የሰናይትን ልጅ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ፤ እናትና ልጅን ቤተ ክርስቲያን የማደርሰውም እኔው። የአርባ ቀን ሕፃን በተከፈተ መስኮት ይዞ መሄድ ጥምቀቱን መንገድ ላይ በበረዶ መጀመር ነው።

ብሪን ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ብደውል «ለሐሙስ» አሉኝ።

«እንግዲያው ራሴ እሠራዋለሁ!»

«አንተ?» አለች ጽጌ። «አምፖል ለመቀየር ሰው የምትጠራው?»

ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ። ስቶቭነር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ በረዶው ላይ ካርቶን አንጥፌ ተንበረከክሁ። ጽጌ ከሰገነቱ ላይ ብቅ አለች።

«ቁልፉን አየኸው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው!»

የበሩን የውስጥ ሽፋን መፍታት ጀመርሁ። አንዱ የፕላስቲክ መያዣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ሌላው ተስፈንጥሮ በረዶ ውስጥ ጠለቀ። እናንተዬ፣ ነጭ ፕላስቲክ ነጭ በረዶ ውስጥ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት! ወዲያው ከበሩ ሆድ የሽቦ አንጀት ተዘረገፈ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው...

«አንተ ሰውዬ፣ ቁልፉን በደንብ እየው እንጂ!»

«ኪሴ ውስጥ ነው አልኩሽ እኮ!»

በዚህ መካከል ሰናይት ደወለች። «ጋሼ፣ ለነገ መኪናው ደህና ነው አይደል? ሌላ ሰው ልለምን እንዴ?»

«ናይ፣ ናይ! በፍጹም! ምን በወጣሽ! እኔ እያለሁ?» አልኋት፣ የበሩን ግማሽ እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ጽጌ ካፖርቷን ደርባ ወረደች። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«በል አሁን ያንን ኪስህ ውስጥ ያለውን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ሞተሩን አስነሣች። ቀጥላም አጠገቧ ካለው በር ላይ መስኮት የተሳለባትን አንዲት ትንሽ ነገር በጣቷ ጫን አደረገች፤ ቀጭ! የመስኮቱን ማንሻ ሳብ ስታደርግ፣ ያ አንጀቱ የተዘረገፈ በር መስታወቱን ያለ አንዳች ቅሬታ ወደ ላይ ሰደደው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ ነዋ! ትናንት ከግሮንላንድ ገበያ ስንመለስ በርበሬው ቢያስነጥስህ መስኮቱን ከፈትክ፤ በረደኝ ብዬ ልዘጋ ስል፣ እንዳልዘጋ በዚህ ቆለፍክብኝ።»

«እኔ? አላስታውስም...»

«የጤፉን ከረጢት ፊት አስቀምጠህ እኔን ከኋላ መጫንህንስ?»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት ሥነ ልሳን ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ስለ ኅብረ ቃል ነበር! ኖርዌጂያኑ ሞተር የሚያስነሡበትን «ኖከል»፣ በጣት የሚጫኑትን «ክናፕ» ብለው ተገላግለዋል። እኛ ግን ሁለቱንም «ቁልፍ» እንላለን። ሰሙ ኪሴ ውስጥ፣ ወርቁ አፍንጫዬ ሥር ነበር።

ልጁ በማግስቱ ሳይበርደው ሄዶ ተጠመቀ። ያለቀሰው ውኃው ሲነካው ብቻ ነው። የበሩን ሽፋን በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፤ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያጨበጭብልኛል።

ያ «ሁለቴ ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው» የሚለው ክርክር ግን አልበርድ አለ። ለካ ጽጌ ከሰገነቱ ላይ ሆና በስልኳ ቀርጻኝ፣ ለማኅበርተኞቻችን ሁሉ ልካው ኖሯል! ቪዲዮውን ለምኜ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ተመለከትሁት። እርግጥ ነው፤ ሦስት ጊዜ አልነገረችኝም።

አራት ጊዜ ነው። በአራተኛው ላይ ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳያታለሁ።