ቱቲ ያልደረሰው ኬክ

የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀበጥ ነው! አዎ፣ አንተን ነው… አንቺንም ጭምር። ቀኑ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው «ዘንድሮ እንኳን አላከብርም» እያላችሁ ትሽኮረመማላችሁ፤ ሰው ረስቶት ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ወር ሙሉ ታኮርፋላችሁ። እኛ ቀናችንን የማናውቀው ግን በማንም ላይ አኩርፈን አናውቅም። በየትኛው ቀን እናኩርፍ?

እኔ የተወለድኩት «ማሽላ ሲታጨድ» ነው። ዓመቱ ደግሞ «ጎርፉ የሐጂን በሬ የወሰደ ዓመት»። የእናቴ መዝገብ ይሄው ነው። ወሎ፣ እኛ ሰፈር፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ በሬውን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ የመጣው ካርቱም ገብቼ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉትን ወረቀት፣ ላወጣ መስኮት ፊት የቆምኩ ዕለት ነው። ጸሐፊው መቼ እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። በሬውን ነገርኩት። አልበቃው ሲል ማሽላውንም ጨመርኩለት። ትክ ብሎ አየኝና አንድ ነገር ጫር ጫር አድርጎ «ያላ፣ ቀጣይ!» አለ። ዓረብኛ መናገሩን እንጂ ማንበቡን አላውቅበትም፤ ሰውዬው የጻፈው በሬውን ይሁን ማሽላውን ሳላውቅ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ስድስት ዓመት ዞርኩ።

በእነዚያ ስድስት ዓመታት «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ለቤቱ ልጆች ልደት ያልጋገርኩት የኬክ ዓይነት የለም። ባለ ቸኮሌቱ፣ ባለ ኮኮነቱ፣ የእግር ኳስ ሜዳ የሚመስለው… ከነጎሉ! ጋግሬ፣ አስጊጬ፣ በሁለት እጄ ተሸክሜ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ከዚያ ቢላው ለባለልደቱ ይሰጣል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ እኔ ወደ ማዕድ ቤቴ እመለሳለሁ። አትሳቁብኝና… ያ ቢላ ያምረኝ ነበር። ሥጋም ሽንኩርትም ስከትፍ የምውለው በራሴ ቢላ ነው፤ ግን ሰው ከቦኝ፣ ሻማ አጥፍቼ፣ «የኔ ነው» ብዬ የቆረስኩት ኬክ አልነበረኝም። በበሬው አቆጣጠር ሠላሳ ዓመቴ እየተጠጋ ነበር።

አንድ ቀን የቤቱ ትልቅ ልጅ ሪም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ኢቃማዬን ልታሳድስልኝ ይዛ ስታገላብጥ ጮኸች።

«ሉባባ! ልደትሽ እኮ ደርሷል! የአንደኛው ወር አንደኛው ቀን!»

«የማን?»

«ያንቺ! ፈረንጆቹ ዓመት የሚቀይሩበት፣ እኛም የነጻነት በዓላችንን የምናከብርበት ቀን!»

እናንተዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬ ስቆጥር ለካ ከአንድ አገር ጋር ነው የተወለድኩት! ማሽላው እንዴት እስከዚያ ሳይታጨድ እንደቆየ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን መንግሥት የጻፈውን ማሽላ አይሽረውም ብዬ ተውኩት። ሪም «ባለልደት ቤት አይውልም፤ ወንዝ ዳር ሂጂ፣ ቱቲ ደሴት ተዝናኚ» አለችኝ። እመቤቴም በዓል ነውና ቀኑን ፈቀደችልኝ። ኬኩን ራሴ ጋገርኩ። ክሬሙ ላይ ሪም ስሜን በሮዝ ጻፈችልኝ።

ዋዜማውን ዴም ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ዴም አርብ አርብ የምንሰበሰብባት የኪራይ ክፍል አለችን። እዚያ ያሉት ሁለቱ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ታላቃችን እትዬ ዘሐራና ሳቂታዋ ሙሚና። ሁለቱም እንደኔ ሰው ቤት ይሠራሉ። ስነግራቸው እትዬ ዘሐራ መቁጠሪያዋን አቆመች።

«መውሊድ ለነቢዩ ነው። አንቺ ምን ሠርተሽ ነው?»

«ተወለድኩ!»

«እሱንማ ሁላችንም ሠርተናል!»

ቢሆንም መጣች። ኬክ ትወዳለች። አማልም መጣች። አማል ዴም የተወለደች፣ እናቷ የኮምቦልቻ፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ ለሙሽሮች ሒና የምትስል ጎረቤታችን ናት። አማርኛዋ እንደ ሒናዋ ነው፤ ሲጀምር ደምቆ መሐል ላይ ይደበዝዛል።

በማግስቱ ኬኩን ጭኔ ላይ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከዚያ በፊት ዓባይን የማውቀው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ሰፈር በተላክሁ ቁጥር ከድልድዩ ላይ፣ በመስኮት ነው። ዳሩ ላይ ስንቆም ሙሚና እጇን ነከር አድርጋ «ያገራችን ውኃ እኮ ነው፣ አይዟችሁ» አለች። እትዬ ዘሐራ ግን ፊቷን አጨፈገገችበት።

«እኛ ለኢቃማ ስንት ወር ተሰለፍን። ይሄ ማንም ሳይጠይቀው ዝም ብሎ ይገባል?»

ባለጀልባው ዓም ሲዲግ፣ አጎት ሲዲግ እንደማለት፣ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሯ እንደ እሳቸው ታስላለች። «ቱቲ ቅርብ ነው፣ ኢንሻአላህ አሥር ደቂቃ» አሉን። ኢንሻአላህ ሲሉ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነበር፤ ወንዙ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ወሩ ጥር ሊብት የደረሰበት፣ ውኃው የጎደለበት ጊዜ ነው። መሐል ላይ ስንደርስ ጀልባዋ ክርርርር… አለችና ቆመች። አሸዋ!

ዓም ሲዲግ ሞተሩን አጠፉ። ጢማቸውን አሹ። ከዚያ አንድ በአንድ አዩን። እትዬ ዘሐራ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

«መውረድ አለባችሁ። ጀልባዋ ከብዷታል።»

«እኔን ነው?» አለች እትዬ ዘሐራ።

«ሁላችሁንም፣ ሐጃ።»

ወረድን። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ብርዱ ግን እስከ አጥንት። ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እነሱ ሦስቱ ከኋላ እየገፉ፣ እኔ ኬኬን ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ በቃል እየገፋሁ፣ ጀልባዋን ነቅነቅ አደረግናት። ሙሚና «ኬኩ ይውረድና አንቺም ግፊ!» ብትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። አንድ ሰዓት ገፋን። ጀልባዋ አንድ ክንድ ሄደች… ወደኋላ!

ደክሞን ደረቁ አሸዋ ላይ ተቀመጥን። ቱቲ እዚያው ፊት ለፊታችን ናት፤ የሰው ሣቅ እንኳ ይሰማል።

«እንግዲህ እዚሁ ቁረሽው» አለች ሙሚና።

«አይሆንም! ቱቲ ደርሰን፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው።»

«ዛፉን ተይው፤ ርቦናል!»

ስንጨቃጨቅ የሞተር ድምፅ ሰማን። አንድ የወንዝ ጠባቂ ወታደር ብቻውን በፈጣን ጀልባ መጣና አጠገባችን ቆመ። ቆፍጠን ያለ፣ መነጽር የሰካ ጎልማሳ ነው።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ወረቀት!»

እዚህ ላይ፣ አንባቢዬ፣ ሣቄን ላቁም። ሰው አገር «ወረቀት» የሚለው ቃል ቀልድ አያውቅም። የእትዬ ዘሐራ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ የቁርኣኑን ያሲን እየቀራች ነው። ሙሚና እጄን ጨበጠች። እኔም ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ግን ከፍርሃቴ ሁሉ የባሰብኝ፣ ሳልቆርሰው ሊወስዱኝ ነው የሚለው ነበር! ኢቃማዬን ከደረቴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ጌታዬ፣ ምንም አላጠፋንም። ልደቴ ነው። ይኸው፣ እዩት።»

ጮክ ብሎ አነበበ። «ሉባባ… አንድ፣ አንድ። እውነቷን ነው። መብሩክ!» ፈገግ አለ። ነፍሴ መለስ አለች። የሙሚናን ተቀበለ። ቅንድቡ ከፍ አለ።

«ሙሚና… አንድ፣ አንድ።»

«ምን?» አልኩ እኔ።

የእትዬ ዘሐራን ተቀበለ። መነጽሩን አወለቀ።

«ዘሐራ… አንድ፣ አንድ። መንታ ናችሁ?»

«ሦስት ነን» አለች ሙሚና፣ ለማገዝ ያህል።

«እናታችሁ አንድ ናት?»

«ከሦስት ወረዳ ነን!»

ለካ በሬውን የነገርኩት ጸሐፊ ከሙሚና የድርቁን ዓመት፣ ከእትዬ ዘሐራ የአያቷን ሠርግ ሰምቶ ለሁላችንም ያቺኑ ጫር ጫር አድርጎልናል! ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ የዓመቱን መጀመሪያ ማደል የመዝገቡ ልማድ ነው። ዓረብኛ ማንበብ አንችልማ፣ ማን ይንገረን? እትዬ ዘሐራ ወረቀቷን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። ፊቷ ሲበራ አየሁ።

«ዛሬ ነው የተወለድኩት?» አለች፣ ቀስ ብላ። «ወላሂ?»

«መውሊድ ለነቢዩ ነው አላልሽም?» አልኳት፣ አንጀቴ እያረረ።

«መንግሥት ከጻፈው ምን ላድርግ?»

ዓም ሲዲግ ከጀልባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከኪሳቸው አንድ ያረጀ ካርድ አውጥተው ለወታደሩ ዘረጉ። ወታደሩ አላነበበውም። ሳቀ።

«ዓም ሲዲግ፣ እርስዎም?»

«እናቴ በደሚራ፣ ዓባይ በክረምት ሲሞላ፣ ነው የወለድኩህ ብላኝ ነበር፤ ካርዱ ግን በብርድ ነው ይላል።»

«የኔም አንድ፣ አንድ ነው» አለ ወታደሩ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ። «ከሰፈራችን ውስጥ በሌላ ቀን የተወለደ ሰው የለም።»

ከአገር ጋር ነው የተወለድኩት ብዬ የለ? ይኸው አገሩ ሁሉ ከኔ ጋር ተወልዷል! ዓይኖች በሙሉ ወደ ኬኩ ዞሩ። በዚህ መሐል አማል አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እሷ ሆስፒታል የተወለደች፣ የልደት ወረቀት ያላት፣ በስምንተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ናት።

«አና በስ?» አለች። «ኩሉኩም፣ ሁላችሁም ዛሬ… እኔ ብቻ አልተወለድኩም?»

ሻማዬን ሰካሁ። ወታደሩ ለኮሰልኝ። የሰሜኑ ነፋስ እፍ አለብኝ። ደግመን ለኮስን፤ ደግሞ እፍ! ለሦስተኛ ጊዜ ልንለኩስ ስንል ዓም ሲዲግ «ይብቃው፣ ነፋሱም ልደቱ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። እሺ፣ ሻማው ይቅር፤ ቢላው አለኝ። ላነሳው ስል አራት እጅ አብሮኝ ተዘረጋ።

«እኔ ታላቅ ነኝ» አለች እትዬ ዘሐራ።

«ታላቅስ እኔ ነኝ» አሉ ዓም ሲዲግ።

«ስሜ ተጽፎበታል!» አልኩ እኔ፣ ኬኬን ወደ ራሴ እየሳብኩ።

ወታደሩ እጁን አነሳ፤ እንደ ዳኛ ተቆጣጠረን።

«ዝም! አምስታችንም ባለጉዳይ ነን። ባለጉዳይ ለራሱ አይፈርድም። ገለልተኛ ሰው ይቁረስ።»

ገለልተኛ ሰው… በዓባይ መሐል አንዲት ብቻ ናት። አማል ዓይኗን ጠረገች፣ ቢላውን አነሳች፣ ኬኬን ስድስት ቦታ ቆረሰችው። አጨበጨቡ። ሮዙ ስሜ የደረሰው ለወታደሩ ነው፤ ጣፋጭ መሆኑን መሰከረልኝ። ከዚያ ገመድ ወርውሮ ጀልባዋን ጎተታት… ወደመጣንበት! ቱቲን እስካሁን አልረገጥኳትም።

ቤት ስገባ ሪም በር ላይ ጠበቀችኝ። «እንዴት ነበር ልደትሽ?»

«ብዙ ሰው ተወለደ» አልኳት።

በዓመቱ ግን ነቃሁ። ያቺ ቀን ስትደርስ የትም አልሄድኩም። ቤተሰቡ ሁሉ ለበዓሉ ወጥቷል። ጡጫ የምታክል ኬክ ጋገርኩ። የማዕድ ቤቱን በር ቆለፍኩ። ነፋስ የለ፣ አሸዋ የለ፣ ወታደር የለ! ሻማዬ ቀጥ ብላ ነደደች። እፍ አልኳት፤ በራሴ ትንፋሽ ጠፋች። ቢላውን አነሳሁ…

የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ። የቤቱ ዘበኛ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሉባባ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው፣ «ሽታው ጠራኝ። የሚገርምሽ፣ ዛሬ እኮ…»

አላስጨረስኳቸውም። በሩን ከፈትኩ። ወንበር ሳብኩላቸው። ሁለት ሳህን አወጣሁ። «እንኳን አብሮ ወለደን» አልኳቸው።

ቢላውን ግን… ወላሂ አልሰጠኋቸውም!