የፈገግታዋ ማስረጃ

ለመሆኑ አጽዳቂ የሚባል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው እሠራለሁ። እንጅባራ ውስጥ መድኃኒት የምናከፋፍል ሰዎች ነን፤ እኔ ለድረ ገጻችን ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ጋሽ አዱኛ ደግሞ ከሕጉ ጋር አስተያይተው ያጸድቃሉ። ያጸድቃሉ ስል ይሰርዛሉ ማለቴ ነው።

ስለ አዲሱ የሳል ሽሮፕ «ሳልን ያድናል» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዙት፤ እውነታቸውን ነው። «ያስታግሳል» አልኩ። «ለሁሉም ሰው?» ብለው ሰረዙት። «ሊያስታግስ ይችላል» አልኩ።

«ካልቻለስ?»

የሚሰርዙት ቃል ሲያልቅባቸው ከጽሑፉ ጎን ወዳለው ፎቶ ዞሩ። ጠርሙሱን የያዘችው ሴት ፈገግ ብላለች።

«ይህ ፈገግታ ተስፋ ይሰጣል፤ ማስረጃ አለው?»

ኮስተር ያለች ሴት አመጣሁ። «ይቺ ደግሞ ጠጥታ የባሰባት ትመስላለች» አሉ። በመጨረሻ ገጹ ላይ የቀረው ባዶ ጠርሙስና «ሐኪም ያማክሩ» የሚል መስመር ብቻ ነው። እሱም ገና እየታየ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክረምቱ ገባ፤ እኔንም ብርድ መታኝና ሳል ጀመረኝ። ጋሽ አዱኛ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ከልብ አዘኑልኝ።

«ልጄ፣ ፌጦ በማር ዋጥ አድርግበት! ከሥሩ ነው የሚነቅለው። ለሕፃን በለው ለሽማግሌ፣ የማያድነው የለም!»

«ማስረጃ አለው ጋሼ?»

ባለጌ እንደሚታይ አዩኝ።

«እናቴ ናት የነገረችኝ!»

በሰው እናት ላይ ማን እስክሪብቶ ያነሳል? ዋጥኩት። ገጻችን እስካሁን አልጸደቀም፤ ሳሌ ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ቀጥሏል።