ቁልቁለት በፎሌ

ሰሞኑን ፒያሳ አስፋልት ስሻገር አንገቴን እንደ ዶሮ ማዟዟር ጀምሬያለሁ። ድሮ መንገድ የምሻገረው በጆሮዬ ነበር። መኪናው ገና ማዘጋጃ ቤት ጋ ሲያስነጥስ እሰማዋለሁ። ማርሽ ሲቀይር፣ ሲያቃስት፣ ሲንተፋተፍ፣ የማን መኪና እንደሆነ ሁሉ አውቅ ነበር። አሁን ምን የመሰለ ነጭ መኪና እንደ ድመት ኮቴውን አጥፍቶ መጥቶ ከኋላዬ ይቆማል። ጡሩምባውን ሲነፋ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ሹፌሩ ደግሞ "አትሰማም እንዴ?" ብሎ ይቆጣኛል። ምኑን ልስማ?

ያው እንደምታውቁት ከእንግዲህ የቤንዚን መኪና ካገር አይገባም ተብሏል። የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው፤ ቀረጡም ቀለል ተደርጎለታል። ነዳጅ በዶላር ነው የምንገዛው፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዛችን ነው የሚመጣው ተባለ። ይሁን። እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም። መኪናም የለኝ፣ ወንዝም የለኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ያለኝ ጫማ ነው። እኔን የሚያገባኝ የጋሽ ዘውዴ ነገር ነው።

ጋሽ ዘውዴ ውቤ በረሃ ተወልደው ውቤ በረሃ ያረጁ፣ አርባ ዓመት ሰማያዊ በነጭ ላዳ የነዱ ባለ ታክሲ ናቸው። ፒያሳ አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፈን ማኪያቶ ስንጠጣ ነው የተዋወቅነው። እኔን "ቲቸር" ይሉኛል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን ጋሽ ዘውዴን ያስከበራቸው አንድ ጥበብ ነበር። ፎሌ።

ፎሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ማርሹን ከጥርሱ አላቅቆ መሃል ላይ ማዋል ማለት ነው። መኪናው ከሞተሩ ተፋቶ በገዛ ክብደቱ ይንከባለላል። ቁልቁለት ላይ እንዲህ ካደረጉት ቤንዚን ይቆጠባል። ሌላው ሹፌር ፎሌ ያደርጋል፤ ጋሽ ዘውዴ ግን ቁልፉንም ያጠፋሉ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ፎሌ ካሉ፣ ያቺ ላዳ እንቅልፏን የምትጨርሰው ለገሃር ስትደርስ ነው። ፖስታ ቤት ጋ ቀይ መብራት ከያዛቸው መብራቱን የሰቀለውን ሰው እስከ ሰባት ቤቱ ይረግሙታል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ እናት ሞተሩ ጸጥ ሲልባቸው ደንግጠው፣ ልጄ ተበላሸ እንዴ? አሉ። "አይ እማማ፣ እየጸለየች ነው" አሏቸው። እሳቸውም አማተቡ።

"ቲቸር፣ ዳገት የመንግሥት ነው፣ ቁልቁለት የእግዜር ነው" ይሉኝ ነበር። ለዳገቱ ይከፈላል፣ ቁልቁለቱ በነፃ ነው ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ላዳዋ አረጀች። ዕድሜ ነው፣ ማንም አይታማበትም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እሰይ አሉ። አሁን እንኳ ቤት ይውልና የዶሮ ቤት ይሠራልኛል ብለው ጣውላ ሁሉ ገዙ። ጋሽ ዘውዴ ያንን ጣውላ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይገረጣል።

ይኼኔ ነው የእህታቸው ልጅ ሳምሶን የደረሰላቸው። ሳምሶን ቢሮ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ቁጥር የሚወድ ልጅ ነው። ቀረጡ ቀለል ሲል ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና አስገባ። አንዷን ለሌላ ሹፌር ሰጠ። ሁለተኛዋን ለአጎቱ። ግን እንዲሁ አልሰጣቸውም። ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ አንድ ሳምንት ይሞክሯት አላቸው። ሌላዋ ባትሪዋ ጠዋት ተሞልቶ ማታ ድረስ ትሠራለች፤ የእርስዎም እንዲሁ ከሠራች መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ ካልሆነ ግን ቅዳሜ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ፣ እርስዎም ቢያርፉ አይሻልም? አለ። ማረፍ ማለት እንግዲህ ጣውላው ነው።

መኪናዋን የተረከቡ ዕለት እኔም ነበርኩ። ጋሽ ዘውዴ ኮፈኑን አስከፈቱ። ካንዴላው የታለ? አሉ። የለውም። ማርመታውስ? የለውም። ፍሪሲዮኑ? ካምቢዮው? ከነዚህ የጣልያን ስሞች አንዱም የለ። ጎንበስ ብለው እንደ ባዶ ሌማት ያዩታል። እኔ ጣልያን ካገራችን የወጣ ድሮ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኮፈን ስር ተደብቆ ኖሯል፣ ዘንድሮ ገና መውጣቱ ነው! በመጨረሻ ውስጥ ገብተው መሪው አጠገብ አንዲት ፊደል አዩና ይቺ ምንድን ናት? አሉ። ሳምሶን ያቺ እንኳ ፎሌ ናት አላቸው። የጋሽ ዘውዴ ፊት በራ። በሰው አገር ዘመድ ያገኙ መሰሉ።

በነገራችን ላይ ጣልያንኛ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ እንደነገሩኝ ፎሌ በአገሩ እብድ ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ሰኞ መኪናዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራስ መኮንን ድልድይ ደረሰችና ቆመች። ባትሪው አለቀ። ማክሰኞ ጋሽ ዘውዴ የበለጠ ቆጠቡ፤ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። ረቡዕ ቁልቁለት ፍለጋ ብለው መንገድ እያዞሩ ሁሉ ቆጠቡ፤ ከምሳ በፊት አለቀ። ሌላዋ መኪና ግን ምን የመሰለች ሆና ማታ ትገባለች። ሳምሶን ስልኩ ላይ የባትሪዋን ቁጥር ያይና ከንፈሩን ይነክሳል።

ጥፋቱ የማን ይሁን? ጋሽ ዘውዴ መጀመሪያ የጠረጠሩት መብራቱን ነው።

"ውሃ ቀላቅለውበታል" አሉኝ።

እንዴ ጋሽ ዘውዴ፣ መብራት እንዴት ውሃ ይቀላቀልበታል? አልኳቸው።

"ከውሃ አይደል እንዴ የሚመጣው?"

አስተማሪ መሆኔን ራሱ ተጠራጠርኩ። ሐሙስ የሳምሶንን ግቢ መብራት ትተው አራት ኪሎ ሄደው ሞሉ። ሚኒስቴሮቹ ያሉበት ሰፈር መብራት ወፍራም ነው ብለው። ወፍራሙም እንደ ቀጭኑ አለቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ባንኮኒው ላይ አገኘኋቸው። ማኪያቷቸው ቀዝቅዟል። "ቲቸር፣ እኔ ከመሪ ከወረድኩ ማን ነኝ?" አሉኝ። ሰው ስሜን እንኳ አያውቅም፣ ባለ ታክሲው ነው የሚለኝ፤ ታክሲው ከሄደ ባለ ምን ሊለኝ ነው? አሉ። አንጀቴን በሉት። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ግን ምን ላድርግ? እኔ ስለ ባትሪ የማውቀው የሬዲዮኑን ነው፤ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት።

ዓርብ ከክፍል ስወጣ ለአማቴ ጋቢ ልገዛ ሽሮ ሜዳ መሄድ ነበረብኝ። ጋሽ ዘውዴ ላድርስህ አሉ። ስንወጣ ለዳገቱ እንደ ላዳዋ ዘመን ረግጠው ነዱ። ጋቢዬን ገዛሁና ተመለስን። ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቀኝ እጃቸው ወደ ፎሌዋ መሄድ ጀመረ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። እኔ ደግሞ አጽናናሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"ምን ያድርጉ ጋሽ ዘውዴ፣ ካረጁ አይበጁ ይባል የለ!"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ስለ ባትሪው ነው ልል ነበር። ማን ያስጨርሰኛል? "ማነው ያረጀ?" አሉ። ያቺ ቀኝ እጅ ፎሌዋን ትታ አፍንጫዬ ላይ መጣች። አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ይኼን መንገድ በጭለማ የነዳሁት፣ አባትህ ሚዜ ሆኖ የሄደው በእኔ መኪና ነው፣ አንተ ጠመኔ እንኳ በወጉ አትይዝም፣ ስለ ማርጀት ልታስተምረኝ ነው? ወረደብኝ። መኪናዋም ትወርዳለች፣ ስድቡም ይወርዳል። እኔ ጋቢዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ።

ስድስት ኪሎ ልንደርስ ስንል ስድቡን በድንገት አቋረጡ። ዓይናቸው ፊት ለፊታቸው ያለው ሰሌዳ ላይ ተተክሏል።

"ጨመረ!" ብለው ጮኹ።

እኔ ክው አልኩ። ነዳጅ እንደገና? በስንት ጨመረ? አልኳቸው።

"በአንድ!"

አንድ ብርማ ምን አላት አልኩ፣ ተመስገን ነው።

"ምን ነዳጅ ትለኛለህ! መብራቱ ነው!"

መብራትም ጨመረ? እግዚኦ! እኛ ደሞዝተኞች ምን ልንበላ ነው?

"አንተ ደንቆሮ፣ ባትሪው ነው! ሰላሳ ስምንት ነበር፣ ሰላሳ ዘጠኝ ሆነ!"

መኪናዋን ጥግ አስያዟት። ሁለታችንም ያንን ቁጥር አፍጥጠን እናያለን። በአርባ ዓመት ውስጥ ጋሽ ዘውዴ ሲጨምር ያዩት የነዳጅ ዋጋ ነው እንጂ ነዳጁ ራሱ በጋኑ ውስጥ ጨምሮ አያውቅም። ተበላሸች ማለት ነው አሉ በመጨረሻ፤ ቆጣሪው አብዷል። ወዲያው ተመልሰው ወደ ላይ ወጡ። በፎሌ ወረዱ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ወጡ። ያለ ፎሌ ወረዱ። ጨመረ!

ሳምሶን ጋ ደወሉ። ልጁ በትዕግሥት አስረዳቸው። ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ ሞተሩ ደግሞ መብራት እየሠራ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፎሌ ላይ ካደረጉት ግን ያ ሁሉ ባክኖ ይቀራል አላቸው። ከዚያ እንደ መጠርጠር ብሎ፣ ጋሼ፣ ፎሌ ያደርጉት ነበር እንዴ? ሲል እኔም ሰማሁ።

"ማን? እኔ? ፎሌ? ምን በወጣኝ!" ብለው ስልኩን ዘጉት።

በቆጠቡ ቁጥር ነዋ ያለቀባቸው! የእግዜር ነው ያሉት ቁልቁለት ሳምንቱን ሙሉ እጁን ሲዘረጋላቸው፣ እሳቸው በፎሌ አልፈውት ሲሄዱ ኖረዋል። ጣልያንኛ የሚያውቁት ሽማግሌ የነገሩኝን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ፎሌ ማለት እብድ ማለት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስም ያወጣላት ሰውዬ አውቆ ነው" አሉ።

ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ዘውዴ ሳምሶን ግቢ ገቡ። ባትሪው አላለቀም። አላለቀም ብቻ አይደለም፣ ከሌላዋ መኪና የበለጠ ተርፎታል! ሳምሶን ስልኩን ሦስት ጊዜ አየና ቁልፉን በሁለት እጁ አስረከባቸው። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እትዬ ብርቄም አለቀሱ፤ እሳቸው እንኳ በጣውላው ነው።

እኔም እንደ አስተማሪነቴ ከዚህ ትምህርት አወጣሁ። አዲስ ዘመን በአሮጌ ልማድ አይነዳም ብዬ ለተማሪዎቼ ሰኞ ጠዋት ነገርኳቸው። ሰሌዳ ላይ ሁሉ ጻፍኩት። መንግሥት መኪናውን ሲቀይር ሰውም አብሮ ይቀየራል አልኩ። እንዴት ያለ ንግግር ነበር!

ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ከሰዓት ካፌው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ዝናብ አካፋ። ጋሽ ዘውዴ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ቤቴ ስድስት ኪሎ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሮጥ ብዬ ሄድኩና በሩን ልከፍት ስል መስታወቱን ዝቅ አደረጉ። ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ።

"ስንት ኪሎ ነህ?" አሉኝ።

"ስድስት ኪሎ" አልኩ። ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው፣ ቤቴን ረሱት?

"ስድስት ኪሎ ሆነህማ ምን ልትጠቅመኝ! እኔ የምፈልገው ከሰማንያ ኪሎ በላይ ነው፤ እሱም ቁልቁል የሚሄድ።"

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጋሽ ዘውዴ ዳገቱን ባዶአቸውን ነው የሚወጡት፤ ባዶ መኪና መብራት አይበላም። ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ከባድ ሰው ይጭናሉ፤ መኪናው በከበደ መጠን ብዙ መብራት ይመልሳል። ይኸው ነው። ሰውዬው ፎሌን ትተው ሚዛን ሆነዋል! ፒያሳ ላይ ቆመው ሰው በዓይናቸው ይመዝናሉ። ከሲታ ሰው ሲመጣ ተይዟል ይላሉ። በሬ የሚያክል ሲመጣ ወርደው በር ይከፍታሉ።

ጋሽ ዘውዴ፣ መኪናዋ በእጅዎ እንድትቀር ያደረግኋት እኔ አይደለሁም ወይ? በስድብ የተጠበስኩት ማነው? አልኳቸው። "አልካድኩም ቲቸር፣ ውለታህን መቼ ረሳሁት" አሉ። ይህን እያሉ ዓይናቸው ከእኔ ትከሻ በላይ አሻግሮ ያያል። አንድ ግዙፍ ሰው፣ በሁለት እጁ ሁለት የሲሚንቶ ከረጢት ይዞ፣ ለገሃር! ለገሃር! እያለ መጣ። ጋሽ ዘውዴ ዘለው ወርደው ከረጢቶቹን በገዛ እጃቸው ጫኑ። እንዲያ ሲሣሱ ሙሽራ የጫኑ ነው የሚመስሉት።

መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቸርችልን ቁልቁል ወረደች። እኔ አንገቴን እያዟዟርኩ፣ ጋዜጣዬን ራሴ ላይ ይዤ ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩ። ጋሽ ዘውዴ ከሩቅ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹልኝ።

"ቲቸር! እስቲ ትንሽ ወፈር በል!"